«ሰው አለው» ወይስ «ቡጢ አለው»፦ በከባድ ሚዛን ቦክስ ክርክር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ትልቅ የቦክስ ግጥሚያ ባለበት ሌሊት ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች በአንዱ ያመሸ ሰው ያውቀዋል፤ ከቡጢው ክርክሩ ይበዛል። ግጥሚያው ሪያድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የሪያድና የጎንደር ሰዓት አንድ ስለሆነ ዋናዎቹ ተፋላሚዎች ሪንግ ላይ የሚወጡት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነው፤ እስከዚያ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዳኛም፣ አሠልጣኝም፣ ፕሮሞተርም (ግጥሚያ አዘጋጅም) ሆኖ ይቆያል። ክርክሩ የትም ቢጀመር ማረፊያው አንድ ነው። አንዱ «ይሄ ሰው አለው እንጂ ቡጢ የለውም» ይላል። ሌላው «ሪንግ ውስጥ ዘመድ አይገባም» ብሎ ይመልስለታል።

በኔ ግምት ሁለቱ የሚያወሩት ስለተለያየ ጊዜ ነው። የዓለም ሻምፒዮና ፍልሚያ ቢረዝም 12 ዙር፣ ማለትም 36 ደቂቃ ነው። እዚያ ውስጥ ዘመድ አይገባም፤ እውነት ነው። ወደዚያ 36 ደቂቃ የሚያደርሰው መንገድ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ያን መንገድ የሚጠርገውም የሚዘጋውም በአብዛኛው ሰው ነው። ማን ከማን ይገጥማል፣ መቼ፣ የት፣ በስንት ዶላር የሚለው ሁሉ ጓንት ሳይታሰር ያልቃል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ እነዚህን ሁለት ጊዜዎች ከማደባለቅ የሚመጡ ናቸው። (ዓመቶቹ የኛ ናቸው ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አንድም ቀን ተሸንፎ አያውቅም እኮ!»

ከሁሉም የሚደጋገመው ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያሳስተውም ይሄው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ያለመሸነፍ መዝገብ ቦክስ ውስጥ የሚገነባ ነገር ነው። ፕሮሞተር አንድ ተስፋ ያለው ልጅ ሲያስፈርም የመጀመሪያ ሥራው ተጋጣሚ መምረጥ ነው፤ ለዚሁ ተብሎ የተቀጠረ ሰው አለ። የሚመረጠው ተጋጣሚ አደጋ የሌለው፣ ግን ቶሎም የማይወድቅ፣ ልጁን ጥቂት ዙር የሚያለማምደው መሆን አለበት። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ከጥቂት ቀን በፊት ስልክ ተደውሎለት የመጣ፣ ያለፉትን ስድስት ሰባት ግጥሚያዎች የተሸነፈ ሰው ይፈለጋል፤ አይጠፋም። ለሱም ሥራው ነው። ሳይጎዳ ተሸንፎ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ቤቱ ይገባል፤ በሌላ ሳምንት ሌላ ከተማ ውስጥ ሌላ ጀማሪ ይጠብቀዋል። አዳራሹ ያለው በልጁ ከተማ ነው፣ ቲኬቱን የገዙት የልጁ ሰፈር ሰዎች ናቸው፣ የዝግጅቱን ወጪ የሸፈነው የልጁ ፕሮሞተር ነው። እንዲህ ሆኖ 15 ለ 0 መድረስ ተአምር አይደለም።

በቤጂንግ ኦሊምፒክ ነሐስ ያገኘው አሜሪካዊ ዲኦንቴይ ዋይልደር ለዓለም ሻምፒዮና ቀበቶ እስኪገጥም ድረስ 32 ጊዜ ተጋጥሞ 32ቱንም በዝረራ አሸንፎ ነበር። ወረቀት ላይ ያስፈራል። ስሞቹን አንድ በአንድ ስታዩ ግን አብዛኞቹን የሚያውቃቸው የለም። በ2015 መጀመሪያ ላይ በርሜይን ስቲቨርንን ሲገጥም ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ዙር ሙሉ ለመቆየት ተገደደ፤ በነጥብ አሸንፎ ቀበቶውን ወሰደ። እዚህ ላይ ቸኩሎ «አያችሁ፣ ባዶ ነበር» ማለት ሌላ ስህተት ነው። ያ ቀኝ እጅ እውነተኛ ነበር፤ ሰውየው ቀበቶውን ከአምስት ዓመት በላይ ይዞ ቆይቷል። መዝገቡ ስለ ዋይልደር አልዋሸም፤ ስለ ተጋጣሚዎቹ ነው ዝም ያለው።

ጭራሽ ያልነበረ ድል የተጻፈበት ጊዜም አለ። በ1977 ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ከፕሮሞተር ዶን ኪንግ ጋር ሆኖ የአሜሪካ ሻምፒዮና የሚል ውድድር ጀመረ። ተወዳዳሪዎቹ የሚመረጡት አንድ ታዋቂ የቦክስ መጽሔት በሚያወጣው ደረጃ ነበር። የከባድ ሚዛኑ ስኮት ለዱ በጆኒ ቡድሮ ተሸንፈሃል ሲባል ውድድሩ ለኪንግ ሰዎች የተመቻቸ ነው ብሎ ቀወጠው። ነገሩ ሲጣራ አንዳንዶቹ ቦክሰኞች ያላደረጓቸው ግጥሚያዎች በመዝገባቸው ላይ ድል ተብለው ተጨምረውላቸው ተገኙ። ኤቢሲ ውድድሩን አቋረጠ።

መዝገብ ስታዩ እንግዲህ ቁጥሩን ለጊዜው ተዉትና ሦስት ነገር ጠይቁ። ያሸነፋቸው ሰዎች በዚያ ሰሞን እነሱስ ማንን አሸንፈው ነበር? ስንቱን ግጥሚያ ከአገሩ ርቆ አደረገ? የሌላ ፕሮሞተር ቦክሰኛስ ገጥሞ ያውቃል? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ይበልጥ ይናገራል።

«ደረጃው 3ኛ ነው፤ ቀጥሎ የሱ ተራ ነው»

ፋሲል ከነማ በኛ 2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ ሰንጠረዡን ከፍቶ ነጥብ መቁጠር ይበቃ ነበር። ሁሉም ከሁሉም ጋር ተጫውቷል፤ ብዙ ነጥብ ያለው ከላይ ነው። ኳስ የለመደው ዓይናችን የቦክስ ደረጃንም እንደዚያው ያነበዋል። እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው።

ፕሮፌሽናል ቦክስ አንድ የበላይ ፌዴሬሽን የለውም። ደብሊውቢኤ፣ ደብሊውቢሲ፣ አይቢኤፍና ደብሊውቢኦ የሚባሉ አራት ድርጅቶች አሉ፤ አራቱም የየራሳቸው ቀበቶ፣ የየራሳቸው የደረጃ ዝርዝር አላቸው። ዝርዝሩን የሚያወጣው ኮሚቴ ነው። ድርጅቶቹ ደግሞ የሚተዳደሩት ለቀበቶ በሚደረግ ፍልሚያ ላይ ከሚቆርጡት ገንዘብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከቦክሰኛው ክፍያ እስከ 3 በመቶ ይወስዳሉ። ብዙ ተመልካች የሚያመጣ ስም እንግዲህ ለነሱም እንጀራ ነው።

ይሄ ሐሜት እንዳይመስላችሁ። የአይቢኤፍ መሥራችና ፕሬዚዳንት የነበረው ቦብ ሊ በ1999 የቦክሰኞችን ደረጃ ለማሻሻል ጉቦ ተቀብሏል ተብሎ ተከሰሰ። ከብዙዎቹ ክሶች ነጻ ቢወጣም በሕገ ወጥ ገንዘብ ዝውውርና በግብር ማጭበርበር ጥፋተኛ ተብሎ ተፈርዶበታል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ኒው ጀርሲም ደርሶ ነበር ማለት ነው። በዚያው ጉዳይ ታላቁ ፕሮሞተር ቦብ አረም፣ ጆርጅ ፎርማን በ1995 ከጀርመናዊው አክሰል ሹልዝ ጋር ለቀበቶ እንዲገጥም ለማስፈቀድ 100 ሺህ ዶላር መክፈሉን በገዛ አንደበቱ ተናግሯል። ፎርማን ያኔ 46 ዓመቱ ነው፤ ስሙ ብቻ አዳራሽ ይሞላል። ሹልዝን ደግሞ ከጀርመን ውጪ የሚያውቀው ጥቂት ነበር። የሚገርመው ግን ሹልዝ ገብቶ ግሩም አድርጎ ተፋለመ፤ ፎርማን ያሸነፈው በጠባብ ነጥብ ነው፣ ብዙዎች ሹልዝ ተበድሏል ብለው እስካሁን ይከራከራሉ። በሩን የከፈተው ገንዘብ ነው፤ ከገባ በኋላ 12 ዙር ያቆመው ግን የራሱ እጅና እግር ነው።

ከባድ ሚዛን ባይሆንም አንድ ታሪክ ማለፍ አልቻልኩም። በ2001 ደብሊውቢኦ ዳሪን ሞሪስ የተባለ ቦክሰኛን ደረጃ ከፍ አደረገው። ሰውየው ቀድሞ ሞቶ ነበር።

ቅርብ ጊዜ ያየነውን ካነሳን ደግሞ ፍራንሲስ ንጋኑ አለ። ካሜሩናዊው የድብልቅ ማርሻል አርት ሻምፒዮን በፕሮፌሽናል ቦክስ አንድም ግጥሚያ ሳይኖረው በኦክቶበር 2023 ሪያድ ላይ እንግሊዛዊውን ሻምፒዮን ታይሰን ፉሪን ገጠመ። በሦስተኛው ዙር ፉሪን መሬት ጣለው፤ በመጨረሻ ዳኞቹ ተከፋፍለው ለፉሪ ሰጡ። ከዚያ ደብሊውቢሲ ንጋኑን 10ኛ ደረጃ ላይ አስቀመጠው። አንድ ግጥሚያ፣ እሱንም የተሸነፈ! ዓመታት ሲጠብቁ የኖሩ ቦክሰኞች ከሱ በታች ሆኑ። በማርች 2024 እንግሊዛዊው አንቶኒ ጆሹዋ በሁለተኛው ዙር ሲዘርረው ነገሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ንጋኑን አልነቅፍም፤ ፉሪን የጣለው በስሙ አልነበረም። ደረጃው ግን የስሙ ነበር።

«ትውውቅ ማለት ጉቦ ነው»

ከላይ ያለውን አንብቦ እዚህ ድምዳሜ ላይ የሚደርስ አይጠፋም። ሆኖም በፖስታ የሚሰጥ ገንዘብ ከትውውቅ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል ውል ላይ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት በግልጽ የተቀመጠው ነው። አንድ ፕሮሞተር ከአንድ ቴሌቪዥን ጋር ለዓመታት ተዋውሎ ከሆነ ልጆቹ የሚፋለሙት እዚያ ብቻ ነው። ሁለት ጎበዞች በሁለት ተቀናቃኝ ጣቢያዎች ሥር ከሆኑ ሳይገናኙ ዕድሜያቸው ሊያልፍ ይችላል። ጉቦ የሰጠ የለም፣ ሕግ የጣሰም የለም። እኛ ግን እዚህ ቁጭ ብለን «ፈርቶት ነው» እንላለን።

ውል ምን እንደሚያደርግ ለማየት የ2015ቱን ተከተሉ። ታይሰን ፉሪ ዱሰልዶርፍ ላይ ቭላዲሚር ክሊችኮን በነጥብ አሸንፎ የደብሊውቢኤ፣ የአይቢኤፍና የደብሊውቢኦ ቀበቶዎችን ወሰደ። ውሉ ውስጥ ግን ክሊችኮ ከተሸነፈ በድጋሚ የመግጠም መብት ነበረው። አይቢኤፍ በበኩሉ ቀጣዩ ተጋጣሚ የግድ ቪያቼስላቭ ግላዝኮቭ መሆን አለበት ብሎ ነበር። ፉሪ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መግጠም አይችልም፤ ባሸነፈ በአሥር ቀኑ አይቢኤፍ ቀበቶውን ነጠቀው። ባለቤት ያጣው ቀበቶ ለግላዝኮቭና ለአሜሪካዊው ቻርልስ ማርቲን ቀረበ። በጃንዋሪ 2016 ግላዝኮቭ በሦስተኛው ዙር ጉልበቱ ተጎድቶ መቀጠል አቃተውና ማርቲን የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። በኤፕሪል ለንደን ሄዶ በጆሹዋ በሁለተኛው ዙር ተዘረረ። ከሦስት ወር ያነሰ ንግሥና! ሻምፒዮን ያደረገው ወረቀት ነው፤ ያወረደው ቡጢ።

ይሄው የግዴታ ተጋጣሚ ሕግ ለጎበዝ በር የሚከፍትበት ጊዜም አለ፤ ይሄንን ብዙ ተከራካሪ ይዘለዋል። ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ ከከባድ ሚዛን በታች ባለው ክሩዘር ሚዛን አራቱንም ቀበቶዎች በ2018 ጠቅልሎ ስለነበር ወደ ላይ ሲወጣ ደብሊውቢኦ የግዴታ ተፋላሚ አደረገው። ጆሹዋ ወይ እሱን መግጠም ወይ ቀበቶውን መጣል ሆነበት። በ2021 ቶተንሃም ስታዲየም ውስጥ፣ በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት ተሸነፈ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በሳዑዲው ባለሥልጣን በቱርኪ አልሼክ በኩል የሚመጣው የሳዑዲ ገንዘብ ተቀናቃኝ ፕሮሞተሮችን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው። ሌኖክስ ሉዊስ በ1999 ከነገሠ በኋላ ከባድ ሚዛን አንድ የማያከራክር፣ ዋናዎቹን ቀበቶዎች ሁሉ የያዘ ሻምፒዮን ሳይኖረው ወደ 25 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በሜይ 2024 ኡሲክና ፉሪ ሪያድ ላይ ተገናኙ። ያን ፍልሚያ ያመጣው ከትውውቅም ትልቁ ትውውቅ ነው። እና ማን አሸነፈ? ኪሎውም ቁመቱም ከተጋጣሚው በጣም የሚያንሰው ኡሲክ።

«አንዲ ሩይዝን አታይም?»

«ችሎታ ብቻውን ይበቃል» የሚለው ወገን የመጨረሻ ጥይቱ ይሄ ነው። ጁን 1 ቀን 2019፣ ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። ጆሹዋ 22 ተጋጥሞ 22ቱንም ያሸነፈ፣ ሰውነቱ ከድንጋይ የተጠረበ የሚመስል። ሩይዝ አጠር ያለ፣ ሆዱ ቁምጣው ላይ የወረደ። ሩይዝ በሦስተኛው ዙር አንዴ ወደቀ፤ ከዚያ ተነስቶ ጆሹዋን አራት ጊዜ ጣለው። በሰባተኛው ዙር ዳኛው አቆመው።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ያን ምሽት ጆሹዋን ሊገጥም የነበረው ጃሬል ሚለር ነበር፤ በአበረታች መድኃኒት ምርመራ ወድቆ ወጣ። የጆሹዋ ፕሮሞተር ኤዲ ኸርን ቲኬት ሸጧል፣ ተጋጣሚ የለውም። ሩይዝ በኢንስታግራም መልእክት ልኮ ዕድሉን ስጠኝ አለው። ሰው ይቺን መልእክት ብቻ ይዞ ይሮጣል። ሆኖም ሩይዝ ከሜዳ የተነሳ ልጅ አልነበረም። በ2016 እስከ ኒው ዚላንድ ሄዶ ከጆሴፍ ፓርከር ጋር ለደብሊውቢኦ ቀበቶ ተፋልሞ በጠባብ ነጥብ ተሸንፏል፤ በ2019ም በአሜሪካ ኃያል ከሚባሉት አስተዳዳሪዎች በአንዱ ሥር ገብቶ ነበር። በዚያ ላይ መልኩ ረድቶታል፤ ይሸነፋል ተብሎ ነው የተጠራው። ሌላው ሰው መድኃኒት ባይወስድ፣ ሩይዝ የሚታወቅ ስም ባይኖረው፣ ኸርን ባይሳሳት፣ እነዚያ ፈጣን እጆች ያን ምሽት ቤታቸው ነበሩ።

ከስድስት ወር በኋላ በድጋሚ ግጥሚያው አንቀጽ መሠረት ሳዑዲ ውስጥ ድርዒያ ላይ ተገናኙ። ሩይዝ 7 ኪሎ ገደማ ጨምሮ መጣ፤ ጆሹዋ እየዞረ በነጥብ አሸነፈው። ይሄኛው የትውውቅ ጉዳይ አይደለም፤ የወጥ ጉዳይ ነው።

ከሩይዝ በፊት በስተር ዳግላስ ነበር። በ1990 ቶኪዮ ላይ፣ እናቱ በሞቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈውን ማይክ ታይሰንን በአሥረኛው ዙር ዘረረው። ትውውቅ ከደወል በኋላ እንዴት ለመግባት እንደሚሞክር የሚታየው እዚህ ነው። የታይሰን ፕሮሞተር ዶን ኪንግ በስምንተኛው ዙር ዳግላስ ሲወድቅ ዳኛው ቆጠራውን አዘግይቶለታል ብሎ ተከራከረ፤ ደብሊውቢኤና ደብሊውቢሲም ውጤቱን ለማጽደቅ አመነቱ። ጋዜጠኛውና ሕዝቡ ሲጮህባቸው በቀናት ውስጥ ተመለሱ። ካሜራ ባይኖር ኖሮ እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

«ዳኞቹ ተገዝተዋል»

ይሄኛውን ባጭሩ። በየዙሩ የተሻለው 10፣ ሌላው ብዙውን ጊዜ 9 ያገኛል፤ ሦስት ዳኞች ለየብቻቸው ይሞላሉ። እኛ ከስክሪኑ ፊት በጩኸት መሃል ሆነን የምናየውና እነሱ ከገመዱ ሥር ሆነው የሚያዩት አንድ አይደለም። አስነዋሪ ምሽት የለም አላልኩም። በማርች 1999 ሉዊስ ኢቫንደር ሆሊፊልድን በግልጽ በልጦት ሳለ አንዷ ዳኛ 115 ለ 113 ለሆሊፊልድ ሰጠች፣ አንዱ እኩል አለ፣ ፍልሚያው አቻ ተባለ፤ ምርመራ እስከመክፈት ተደረሰ። በኖቬምበር ሲደገም ሉዊስ አሸነፈ። በሌላ በኩል በ2024 በኡሲክና በፉሪ ፍልሚያ ሁለት ዳኞች ለኡሲክ 115 ለ 112 እና 114 ለ 113፣ አንዱ ለፉሪ 114 ለ 113 ሰጡ። ፉሪ ነበር ትልቁ ስም። ስም ዳኛ የሚገዛ ቢሆን ያን ቀን ይገዛ ነበር።

«ጎበዝ ቢሆን ኖሮ ስሙን እንሰማ ነበር»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የምናውቃቸው በሩ የተከፈተላቸው ናቸው፤ ያልተከፈተላቸውን ከየት እናውቃለን?

ጃክ ጆንሰን የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ለመሆን ቶሚ በርንስን ከአገር አገር እያሳደደ በ1908 እስከ ሲድኒ ሄደ። በርንስ የገጠመው 30 ሺህ ዶላር ሲቀርብለት ነው፤ የጆንሰን ድርሻ 5 ሺህ ነበር። ያን ቀን ፕሮሞተሩ ሂዩ ማኪንቶሽ ራሱ ሪንግ ውስጥ ገብቶ ዳኝቷል፤ ዛሬ ቢሆን ስንት ክርክር ያስነሳ ነበር። ጆንሰን አሸነፈ። ሳም ላንግፎርድ ግን ያን ዕድል በከባድ ሚዛን ጭራሽ አላገኘም። ሃሪ ዊልስም ጃክ ደምፕሲ ሻምፒዮን በነበረበት ከ1919 እስከ 1926 ድረስ ሲጠብቅ ኖሮ ሳይገጥመው ቀረ። ሁለቱም ጥቁሮች ነበሩ። ትውውቅ ስንል የሚያስገባውን ብቻ እናስባለን፤ የሚያስወጣውም ትውውቅ ነው።

ሌላ ዓይነት ግድግዳም ነበር። ምሩጽ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ባመጣበት የሞስኮ 1980 ኦሊምፒክ ኩባዊው ቴዎፊሎ ስቲቨንሰን ሦስተኛ የኦሊምፒክ ወርቁን ወሰደ፤ የመጀመሪያው ሙኒክ 1972፣ ሁለተኛው ሞንትሪያል 1976 ነበር። ኩባ ፕሮፌሽናል ስፖርትን ከልክላ ስለነበር፣ እሱም ከውጭ የመጣለትን ገንዘብ አልፈልግም ስላለ፣ አንድም ቀን ፕሮፌሽናል ሳይሆን አለፈ። ከመሐመድ አሊ ጋር ቢገጥም ማን ያሸንፍ ነበር የሚለው ክርክር አሁንም ፒያሳ ላይ ሁለት ቢራ ያስጨርሳል።

«ትልቅ ሰው ካስፈረመኝ አለቀልኝ»

ይሄኛው ተመልካቹን ሳይሆን እኔ በልምምድ ፓድ (ቡጢ መቀበያ) የምይዝላቸውን ልጆች የሚመለከት ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር፦ 64 ኪሎ ሆኖ ገንዘቡ ከባድ ሚዛን ላይ ነው ብሎ መብላት የጀመረ ልጅ አጋጥሞኛል። ከባድ ሚዛን ከ90.7 ኪሎ በላይ ነው፤ 100 ኪሎ የሚሆነው ኡሲክ እዚያ ውስጥ ትንሽ ሰው ይባላል፣ ፉሪ ከሁለት ሜትር በላይ ነው። ተዉት።

ወደ ውሉ ስንመጣ የቲም ዊዘርስፑንን ታሪክ ማወቅ ይበቃል። ሁለት ጊዜ የከባድ ሚዛን ቀበቶ የያዘ ሰው ነው። ፕሮሞተሩ ዶን ኪንግ ነበር፤ ማናጀሩ ደግሞ የዶን ኪንግ የእንጀራ ልጅ ካርል ኪንግ። ማናጀር ለቦክሰኛው ቆሞ ከፕሮሞተሩ ጋር ዋጋ መከራከር የሚገባው ሰው ነው፤ እዚህ ግን ከአባቱ ጋር ሊከራከር ነው። በ1986 ዊዘርስፑን ዌምብሌይ ላይ ፍራንክ ብሩኖን በ11ኛው ዙር ጥሎ፣ ተቆራርጦ ተቆራርጦ እጁ የገባው ወደ 90 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ የተሸነፈው ብሩኖ የተከፈለው የዚያ ብዙ እጥፍ ነው። በኋላ ከሶ በስምምነት ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ። አሜሪካ በ2000 በመሐመድ አሊ ስም ባወጣችው ሕግ ፕሮሞተርና ማናጀር በጥቅም እንዳይያያዙ የከለከለችው እንዲህ ያለውን አይታ ነው። ዊዘርስፑን ችሎታም ነበረው፣ ትውውቅም ነበረው። ትውውቁ የማን እንደሆነ ነው ያልጠየቀው።

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚባለው እኛም ጋ ይደርሳል። ባለፈው ክረምት የአዘዞ ልጅ አንድ ወረቀት በስልኩ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ፤ ዱባይ ሊወስደኝ ነው» አለኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፣ ሁለት ገጽ። ሰውየውን የሚያውቀው በቴሌግራም ብቻ ነው። እንዳነበብኩለት አምስት ዓመት ያስራል፤ ድርሻው ከያንዳንዱ ክፍያ 40 በመቶ፤ ሰውየው ፕሮሞተርም ማናጀርም ነኝ ይላል፤ በዓመት ስንት ግጥሚያ እንደሚያዘጋጅለት የሚል መስመር የለም። ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል? የለም። ከመሄዱ በፊት ለቪዛ ማስኬጃ የሚከፍለው ብር ግን አለ፤ እሱ በደማቅ ነው የተጻፈው።

ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግራው ፈጣን ነው፣ ያ ሰው ባይፈልገው ሌላ ይፈልገው ይሆናል። ቁጭ ብለን አምስት ጥያቄ ጻፍን፦ በዓመት ስንት ግጥሚያ? ዝቅተኛው ክፍያ ስንት? ሕክምናውስ? የሚቆረጠው ወጪ በደረሰኝ ነው ወይ? የመመለሻ ቲኬቱ በማን ነው? እዚያው ፊቴ ላከለት። በማግስቱ መልሱን አሳየኝ፤ «እሱን እዚህ ስትመጣ እንነጋገርበታለን፣ መጀመሪያ ክፍያውን ላክ» ይላል። ልጁ አልፈረመም፤ አሁን የክልል ውድድር እየጠበቀ ነው።